የመካኖቹን ቁጥር ማን ይያዝ?

ብዙ ልጅ በሚወለድበት አገር መካንነት የጤና አጀንዳ አይሆንም የሚለው አስተሳሰብ የሥነ ተዋልዶ ጤና ምርምርን ለረጅም ጊዜ ሲመራ ኖሯል። የድሃ አገሮች ችግር የሕዝብ ብዛት ነው ተብሎ ስለታመነ፣ በጀቱም መጠይቁም ያዘነበለው ወሊድን ወደ ማራራቅ ነው። ይህ ስሌት የተሳሳተ ነው፤ ስድስት የወለደች ሴት የጎረቤቷን እጦት አታካክስም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት በሕይወት ዘመናቸው መካንነት የሚገጥማቸው ሰዎች በሀብታም አገሮች 17.8፣ በዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ አገሮች ደግሞ 16.5 በመቶ ናቸው። ሕመሙ ተቀራራቢ ሆኖ ሳለ ሕክምናው ግን ሰማይና ምድር ነው።

ይበልጥ የሚያስቆጨው ብዙውን መከላከል መቻሉ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ዓለም አቀፍ ጥናት እንዳሳየው፣ ልጅ ፈልገው አንድም ጊዜ መውለድ ያልቻሉት ሴቶች 1.9 በመቶ ሲሆኑ፣ አንዴ ወልደው መድገም ያቃታቸው 10.5 በመቶ ናቸው። ከሰሃራ በታች ባሉ አገሮች ለዚህ ለሁለተኛው ዓይነት ዋነኛ ምክንያት የማሕፀን ቱቦን የሚዘጋ ኢንፌክሽን ነው፤ መነሻውም ያልታከመ ጨብጥና ክላሚዲያ፣ ንጽሕና የጎደለው ወሊድ ወይም ጽንስ ማቋረጥ ነው። ክላሚዲያ ደግሞ በአብዛኞቹ ሴቶች ላይ ምልክት አያሳይም። ላቦራቶሪ በሌለበት ጤና ጣቢያ ምልክት ብቻ እያዩ ማከም እነዚህን ሴቶች ሳያውቋቸው ማሳለፍ ነው።

«ሕክምናው ውድ ነው፤ እናቶች በወሊድ እየሞቱ ለዚህ ገንዘብ ከየት ይምጣ?» የሚል ተቃውሞ ይነሣል። በላቦራቶሪ የሚደረግ ጽንሰት በእርግጥ ውድ ነው፤ በአገራችን በመንግሥት ሆስፒታል የተጀመረውም በቅዱስ ጳውሎስ እ.ኤ.አ. በ2019 ነው። ነገር ግን ንጹሕ ወሊድና የአባላዘር በሽታ ምርመራ እናቲቱንም ቱቦዋንም በአንድ ወጪ ያድናሉ። ስለ መካንነት መሥራት የቤተሰብ ምጣኔን ያዳክማል የሚለው ሥጋትም ተገላቢጦሹ ነው፤ ብዙ ሴቶች መርፌውንና እንክብሉን የሚሸሹት ያመክነናል ብለው በመፍራት ስለሆነ፣ ፍርሃቱን የሚመልሰው ስለ መካንነት የተጣራ እውቀት ብቻ ነው። ወንዶችም ይመርመሩ። ከጉዳዮቹ ግማሽ ያህሉ የወንዱ ድርሻ ያለባቸው ሆነው ሳለ፣ እሱ ሳይመረመር እሷ ከጠበል ጠበል ትንከራተታለች፤ ትፈታለችም። ጥያቄው አዲስ አይደለም፤ 179 አገሮች እ.ኤ.አ. በ1994 ካይሮ ላይ ያጸደቁት ሰነድ መካንነትን መከላከልና ማከምን የሥነ ተዋልዶ ጤና አካል አድርጎታል። የምርምር ገንዘብ የምትመድቡ ሁሉ፣ በቀጣዩ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መጠይቅ ውስጥ ልጅ ፈልገው ያጡ ሴቶችና ወንዶች እንዲቆጠሩ አድርጉ።