«ደንበኛ ንጉሥ ነው» አሉን፤ ንጉሡ ማክሰኞ ማክሰኞ የት ነው የሚውለው?

ሰሞኑን ከሰፈሬ ላቫጆ ልጆች ጋር ተጣልቼ ታርቄያለሁ። የታረቅነው እኔ «ተሳስቻለሁ» ስላልኩ ነው (ይህ በዓመት አንዴ የሚከሰት ነገር ስለሆነ መዝግቡልኝ)።

ልጆቹ አምስት ነበሩ። ተደራጅተው፣ ብድር ወስደው፣ ሮቶ፣ የውሃ ፓምፕና ቫክዩም ገዝተው ሥራ ከጀመሩ ሁለት ዓመት ሊሞላቸው ነው። ከተራ እጥበት አልፈው ፖሊሽ ያደርጋሉ፣ ወንበርና ሞኬት አውጥተው ያጥባሉ፣ የደበዘዘ የፊት መብራት ያጠራሉ። አጥራቸው ላይ «ዲቴይሊንግ» ብለው አስጽፈዋል። ቅዳሜና እሁድ ወረፋ አለ። ማክሰኞና ረቡዕ ግን ድንጋይ ላይ ተደርድረው ስልካቸውን ሲነካኩ ነው የሚውሉት።

አንድ ቀን ታዲያ «አንቺ ጋዜጠኝነት ተምረሻል አይደል? ቋሚ ደንበኛ የሚያመጣ ነገር ጻፊልን» አሉኝ። ጻፍኩላቸው። አቤት አጻጻፍ! «መኪናዎ ስለ እርስዎ ምን ይናገራል?» ምናምን… ቴሌግራም ላይ፣ ፌስቡክ ላይ፣ ቲክቶክ ላይ ለቀቅነው። ላይኩ ዘነበ። «በርቱ ጀግኖች!» የሚል አስተያየት ጎረፈ። መኪና ይዘው የመጡት ግን ሦስት ሰዎች ናቸው። ሁለቱ የእኔ ዘመዶች ሲሆኑ በነፃ ታጥቦላቸው ሄደዋል።

ያን ጊዜ ነው አንድ ነገር የገባኝ። እኔ የጻፍኩት ማስታወቂያ እነሱ ከወሰዱት ሥልጠና የተለየ አልነበረም። ልጆቹ ከመደራጀታቸው በፊት ሦስት ቀን ሠልጥነዋል። «ደንበኛ ንጉሥ ነው»፣ «አመለካከታችሁን ቀይሩ»፣ «ሥራ ጠባቂ ሳይሆን ሥራ ፈጣሪ ሁኑ» ተብለዋል። አጨብጭበዋል። ማክሰኞ ዕለት መኪናውን ማን እንደሚያመጣላቸው ግን አሠልጣኙ ትንፍሽ አላለም።

መንግሥት የመጀመሪያውን የጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት ስትራቴጂ ያወጣው በ1990 ዓ.ም. ነው። ያኔ እኔ አልተወለድኩም። በ2003 ሲሻሻል አንደኛ ደረጃ ተማሪ ነበርኩ። ዛሬ ተመርቄ ሥራ ፈልጌያለሁ፤ ንግግሩ ግን ያው ነው። አደራጅ፣ አሠልጥን፣ ሪባን ቁረጥ፣ ፎቶ ተነሣ። ሪባኑን የቆረጠው ሰው በማግስቱ መኪናውን የት እንደሚያሳጥብ የጠየቀ ጋዜጠኛ አላየሁም (እሺ፣ ጋዜጠኞቹም እኛው ነን)።

የላቫጆ ሒሳብ

ለማታውቁት ልንገራችሁ። ላቫጆ ሰማይ እያዩ የሚሠሩት ሥራ ነው። ክረምት ሲሆን ከተማው ጭቃ በጭቃ ነው፤ ባለመኪናው ግን «ነገም ይዘንባል፣ ምን አሳጠበኝ?» ይላል። በጋ ሲሆን አቧራው ያመጣዋል፤ ያኔ ደግሞ ውሃው በፈረቃ ነው። የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ወረፋ አለ፣ በጥር ሠርግ አለ። ሁዳዴ ሲገባ ሠርጉም ይቆማል። የቦታ ኪራይና የብድር ክፍያ ግን ክረምትም፣ ጾምም፣ ፈረቃም አያውቁም።

ቋሚ ደንበኛ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ለመበልጸግ አይደለም፤ ወሩን ለመዝጋት ነው። በሳምንት አንዴ የሚመጡ ሃያ መኪናዎች ቢኖሩ፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ ቢከፋፈሉ በቀን አራት ናቸው። በወር ሰማንያ እጥበት ማለት ነው። በእሱ ኪራዩና ብድሩ ከተከፈለ የቅዳሜው ወረፋና የፖሊሹ ሥራ ትርፍ ይሆናል። ሃያ መኪና! በዚህ መኪና በሞላበት ከተማ!

መኪናው ደግሞ ዛሬ እንደ ድሮው በቀላሉ የሚቀየር ዕቃ አይደለም። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠራ የግል መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ተከልክሏል። ያላት ቪትዟን፣ ያለው ኮሮላውን እንደ ዓይኑ ብሌን የሚጠብቅበት ዘመን ነው። ሥራው አለ፤ ልጆቹም አሉ። ታዲያ መሐል ላይ ያለው ምንድን ነው?

«ደብዳቤያችሁ እየታየ ነው»

ልጆቹ እኔን ከመጠየቃቸው በፊት ብልህ ነገር ሞክረው ነበር። በእግር አሥር ደቂቃ የሚያስኬድ አንድ መሥሪያ ቤት አለ። ግቢው በመኪና የተሞላ ነው። ንግድ ፈቃዳቸውን፣ ቲናቸውንና ደረሰኛቸውን ይዘው ሄዱ። መዝገብ ቤት ደብዳቤ አስገቡ። ግዥ ክፍል «ፕሮፎርማ እንሰበስባለን» አላቸው። ተመላለሱ። በመጨረሻ የስምሪት ኃላፊው ዘንድ ደረሱ።

ሰውዬው ደግ ነው አሉ። ወንበር ሰጣቸው፣ «ልጆቼ» አላቸው። ከዚያ በወር ስምንት መኪና እንደሚያጥቡ፣ ደረሰኙ ላይ ግን አሥራ አምስት ብለው እንደሚቆርጡ አስረዳቸው። «በልዩነቱ እንተዋወቃለን» አለ።

አንተዋወቅም ብለው ወጡ። ያኔ የገባው ደብዳቤ እስከ ዛሬ «እየታየ ነው»። እየታየ እያለ ከአምስቱ አንዱ «እኔ በተስፋ ኪራይ አልከፍልም» ብሎ ትቷቸው ሄደ። የቀሩት አራት ናቸው።

«ምን ያድርግ፣ የመንግሥት ገንዘብ ያለ ሥርዓት አይወጣም» የሚለኝ አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። ልክ ነህ ወንድሜ! ልጆቹም ከሥርዓቱ ነፃ አውጡን አላሉም። ፕሮፎርማ አምጡ ሲባሉ አምጥተዋል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የግዥ አዋጅ ለጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት በግዥ ልዩ አስተያየት እንዲደረግ ደንግጎ ነበር። ያ አዋጅ ዛሬ በሌላ ተተክቷል። እኔ ግን ልጆቹን የጣላቸው የሕግ ጉድለት ነው ብዬ አላምንም። አሥራ አምስት የሚል ደረሰኝ እንዲቆርጡ የሚያዝ ሕግ የትም የለም። ያዘዛቸው ሰው ነው። ያ ሰው ነገ በወጣቶች ቀን መድረክ ላይ «ሥራ አትናቁ» ብሎ ቢናገር እኔና እናንተ እናጨበጭብለታለን።

እኛስ?

መሥሪያ ቤት መስደብ ቀላል ነው፤ ወደ ራሳችን እንምጣ። ካፌ ገብተን ማኪያቶ ስናዝዝ «ትንሽ ቀንሱ» አንልም። ለኬክም አንከራከርም። ላቫጆ ስንደርስ ግን ምላሳችን ይፈታል። «ኧረ አስተያየት አድርግ፣ ቋሚ ደንበኛ ነኝ እኮ!» ይላል ባለፈው ለመስቀል ዋዜማ መጥቶ ዘንድሮ ለመስቀል ዋዜማ የተመለሰ ሰው። በዓመት አንዴ መምጣትማ ቋሚነት ከሆነ መስቀልም ቋሚ ደንበኛ ነው!

መኪና የሌለሽ አንባቢም አታመልጪም። አባትሽ አለው፣ አለቃሽ አለው፣ ፍቅረኛሽ ራይድ ይሠራል። «የወጣት ሥራ አጥነት» የሚል ጽሑፍ ሼር ስታደርጊ በዚያው አፍሽ «መኪናህን እነ እንትና ጋ አሳጥብ» ብለሽ ታውቂያለሽ?

ጠቡ የመጣው እዚህ ላይ ነው

ልጆቹ የመጀመሪያው ማስታወቂያ አልሠራ ሲል «በቪዲዮ እንሥራው» አሉ። እምቢ አልኩ። በምትኩ ከዚህ በፊት እነሱ ጋ አሳጥበው ያልተመለሱ የሰፈር ሰዎችን እየዞርኩ ጠየቅኩ። መልሱን ይዤላቸው ስመጣ ነው ያበዱብኝ።

አንዱ ጋሼ «ሙዚቃ ከፍተው ባትሪዬን ገደሉት» አሉኝ። አንዷ «አንድ ሰዓት ብለውኝ ሦስት ሰዓት ቆሜያለሁ» አለች። ሌላው ጎማ የታጠበበት ስፖንጅ በኮፈኑ ላይ ሲሄድ አይቷል፤ ስፖንጁ የያዘው አሸዋ ቀለሙን ጭሮታል። አንደኛዋ ሞኬቷ ሳይደርቅ ተነጥፎላት መኪናዋ ሳምንት ሙሉ ሸቷል። አንድ ሰው ደግሞ «መንጃ ፈቃድ የሌለው ልጅ መኪናዬን ሲያንቀሳቅስ አየሁ፤ ከዚያ ወዲህ ቁልፌን አልሰጥም» አለኝ።

«አንቺ ከማን ወገን ነሽ?» አሉኝ። ሳምንት ተዘጋጋን።

እኔ ከእነሱ ወገን ነኝ። ስለሆንኩም ነው የምናገረው። ሰው ላቫጆ ሲመጣ ከቤቱ ቀጥሎ ውዱን ንብረቱን ከነቁልፉ አስረክቦ ነው ወንበር ላይ የሚቀመጠው። አንዴ ባትሪው ከሞተ በኋላ የትኛውም የእኔ ጽሑፍ አይመልሰውም። አሠልጣኙ «ንጉሥ ነው» ከሚላቸው ይልቅ «የጎማውን ስፖንጅ ከአካሉ ስፖንጅ ለዩ» ቢላቸው ሦስቱ ቀን ባልባከነ ነበር። እኔም ማስታወቂያ ከመጻፌ በፊት ሰዎቹን መጠየቅ ነበረብኝ። የተማርኩት ሙያ ጥያቄ መጠየቅ አልነበረም እንዴ? «ተሳስቻለሁ» ያልኩት ለዚህ ነው።

ከታረቅን በኋላ ያደረጉትን ልንገራችሁ። አንድ ደብተር ገዙ። የሰሌዳ ቁጥር፣ ቀን፣ የገባበትና የሚወጣበት ሰዓት፣ ከመታጠቡ በፊት የነበረ ጭረት ይጻፍበታል፤ ባለቤቱ አይቶ ይፈርማል። ለጎማና ለአካል የተለያየ ባልዲና ስፖንጅ አዘጋጁ። መኪና የሚያንቀሳቅሰው መንጃ ፈቃድ ያለው አንዱ ብቻ ሆነ። ሬዲዮ መክፈት በቅጣት ተከለከለ።

ከዚያ አጠገባችን ወዳለው ኮንዶሚኒየም ሄዱ። እዚያ የሚኖሩ የራይድና የፈረስ ሾፌሮች አሉ። ለእነሱ የመኪና ንጽሕና የቅንጦት ጉዳይ አይደለም፤ የሚሳፈረው ሰው ኮከብ ይሰጣቸዋል። «ከጠዋቱ 12 ሰዓት ሥራ ከመውጣታችሁ በፊት እናጥባለን፣ ክፍያው በወር ነው፣ ቀናችሁን ምረጡ» አሏቸው። የመጀመሪያውን ሳምንት የሞከሩት ሁለት ናቸው። ሁለቱ ለጓደኞቻቸው ተናገሩ። ዛሬ ደብተሩ ላይ አሥራ አንድ ናቸው። አንድ መኪና እየገዛ የሚሸጥ ሰውም ለገዢ ከማሳየቱ በፊት ፖሊሽ እያስደረገ ነው።

አሥራ አንድ ሃያ አይደለም። ብድሩ አልተዘጋም፣ የሄደው ልጅም አልተመለሰም። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ «ይኸው፣ በጥረታቸው ተለወጡ!» ብላችሁ ለሥልጠና ማንዋል እንዳትወስዱብኝ። ልጆቹ የራሳቸውን ድርሻ ሠርተዋል። የቀሩት ዘጠኝ መኪናዎች ያሉት እነሱ እጅ አይደለም፤ እናንተ ግቢ ነው።

«ሥራ ፍጠሩ» የምትሉን ሰዎች ሆይ፣ ፈጥረናል። አሁን የእናንተ ተራ ነው። ሰፈራችሁ ውስጥ ካሉት ልጆች አንዱን ቀን ምረጡ፣ በተባለው ዋጋ ክፈሉ፣ ወሩ ሲያልቅ አታጉላሉ። ደረሰኙ ላይም ስምንት ከታጠበ ስምንት ብላችሁ አስጽፉ።

ማክሰኞ ቢሆን ደግሞ ይመረጣል። ወረፋ የለም።