ቁጥሩን ለማን እንስጥ?

ባለፈው እሑድ ጠዋት ከጎረቤቴ ቤት የማንቂያ ደወል ጮኸ። ባለቤቶቹ ደወሉን አብርተው ቤተ ክርስቲያን ሄደዋል፤ የቀረችው ሠራተኛዋ ብቻ ናት። ኋላ እንደ ነገረችኝ፣ አየር ላስገባ ብላ መስኮት ብትከፍት ነው የተነሣባት። በበሩ አጠገብ ከተሰቀለው የቁጥር ሰሌዳ ፊት ቆማ፣ ጆሮዎቿን በመዳፎቿ ደፍና አለቀሰች። ቁጥሮቹ ሁሉ በፊቷ ናቸው፤ ምሥጢሩ ግን ከአሠሪዎቿ ጋር ቅዳሴ ላይ ነው። ዘበኛውም አያውቀውም። እኔስ? «ዛሬም ጀመረው!» ብዬ መስኮቴን ዘጋሁ። ስለዚህ ክሴ ከራሴ ይጀምራል።

ጎረቤቴን ቁጥሩን ለምን እንዳልሰጧት ብጠይቃቸው፣ «ምን ይታወቃል? ለሌባ ብታቀብልስ!» አሉኝ። ይህን መልስ በአዲስ አበባ በብዙ ቤት ሰምቼዋለሁ። ብልሃት ይመስላል፤ ስንፍና ነው።

አንደኛ፣ ባለ አራት አሃዝ ምሥጢር ከ0000 እስከ 9999 ድረስ 10,000 አማራጭ አለው። ያንኑ ቁጥር ሳይለውጡ ለዓመታት የሚጫኑ ጣቶች ግን አራቱን ቁልፎች ያደበዝዟቸዋል። የደበዘዙትን ያየ ሌባ የሚቀረው ቅደም ተከተላቸውን መገመት ብቻ ነው፤ እርሱም ከ24 አይበልጥም። ለልጅቱ የነፈጉትን ለሌባው በገዛ ጣታቸው ጽፈውለታል።

ሁለተኛ፣ ከእነዚህ መሣሪያዎች ብዙዎቹ ከአንድ በላይ ቁጥር ይቀበላሉ። ባለቤቱ ዋናውን ይዞ ለእያንዳንዱ ነዋሪ የየራሱን ይሰጣል። ሠራተኛዋ ስትሰናበት የእርሷ ብቻ ይሰረዛል፤ የሌላው አይነካም። በአንዳንዶቹም የግዳጅ ቁጥር የሚሉት አለ፤ ሌባ አስገድዶ «አጥፊው» ቢል፣ ደወሉን ዝም አሰኝቶ በስውር የድረሱልኝ መልእክት ወደ ጠባቂዎች ይልካል። ይህ ከማንም ይልቅ የሚያስፈልገው ቀኑን ሙሉ ቤት ለሚውል ሰው አይደለምን?

እኔ የባንክ ሠራተኛ ነኝ። የባንክን ካዝና አንድ ሰው ብቻውን አይከፍተውም፤ ሁለት ሰዎች የየድርሻቸውን ይዘው በአንድነት ይከፍቱታል። እዚያ የተማርኩት ነገር ቢኖር፣ ኃላፊነት ተለክቶ እንደሚሰጥ ነው። ለክቶ መስጠት ሌላ፣ ፈጽሞ መንፈግ ሌላ።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይባላል። የእኛ ደወል ከዚያም ይብሳል፤ ጅቡ ሳይመጣ ይጮኻል። በከንቱ በጮኸ ቁጥርም ሰፈሩ ጆሮውን ይደፍናል። ቀድሞ ኡኡታ ሲሰማ «የማን ድምፅ ነው?» ብለን እንወጣ ነበር። ደወል ግን የማንም ድምፅ አይደለም። ያን ዕለት ከደወሉ ሥር አንዲት ልጅ ታለቅስ ነበር፤ እኔ የሰማሁት ደወሉን ብቻ ነው።

እናንት ባለ ሰሌዳዎች ሆይ! ልጆቻችሁን ታጥባለች፤ የምትበሉትን ታበስላለች። በልጅና በእንጀራ ያመናችኋትን እጅ በአራት ቁጥሮች መጠርጠር ጥንቃቄ አይባልም። የእርሷን ቁጥር ስጧት፤ የእናንተንም ለውጡት።

ጎረቤቴ እስከ ዛሬ አልሰጧትም። ደወሉ ዳግመኛ ሲጮኽ ግን በራቸውን የማንኳኳው እኔ ነኝ።