ሰሙን አይቶ ወርቁን የሚተው ጐብኚ

በዚህ ዘመን የአራዳን ሕንፃዎች እየዞሩ የሚያዩና የሚያሳዩ ሰዎች በዝተዋል። ማየታቸው መልካም ነው፤ ከሚናገሩት ቃል አንዱ ግን ያለ መልስ ሊታለፍ አይገባውም። የቅዱስ ጊዮርጊስን ካቴድራል፥ የእቴጌ ጣይቱን ሆቴል፥ የሕንዱን ነጋዴ የመሐመድ ዓሊን ቤት በጣታቸው እያመለከቱ፥ «ይህ ሁሉ የባዕድ ሥራ ነው፤ ሰፈሩም ፒያሳ መባሉ ስለዚህ ነው» ይላሉ። ከዚህም ቃል ሌላ ቃል ይወለዳል፤ «የእኛ ካልሆነ ቢፈርስ ምን ይጐዳናል?» የሚል ነው።

ንጉሥ ሰሎሞን ቤተ መቅደሱን ሲሠራ ብልሃተኛውን ከጢሮስ፥ ዝግባውን ከሊባኖስ አስመጥቷል፤ ነገር ግን ያን ቤት የጢሮስ ቤት ብሎ የጠራው የለም። እንደዚሁም ዐፄ ምኒልክ ከአድዋ ድል በኋላ ለሰማዕቱ ቤት ሲያሠሩ የባዕድ መሐንዲስና ግንበኛ ቢያዝዙ፥ ቅኔ ማኅሌቱ፥ ቅድስቱና መቅደሱ የእኛው ሥርዓት ነው። እጁ የሠሪው ነው፤ ቤቱ ግን የአሠሪውና የሚጸልይበት ሕዝብ ነው።

ስለ ስሙም ቢሆን አራዳ ፒያሳን ይቀድማል። ፒያሳ የኢጣልያ ቃል ነው፤ ያው ጠላት በ1929 ዓ.ም. ካቴድራሉን አቃጠለ፥ የዐፄ ምኒልክንም ሐውልት ነቀለ፥ ገበያውንም ከጊዮርጊስ ሥር አንሥቶ ወደ ምዕራብ አዛወረ። እንግዲህ ያቃጠለውን ባለቤት፥ ያሠራውን እንግዳ ማድረግ ምን ዓይነት ፍርድ ነው?

በ2016 ዓ.ም. ብዙው የአራዳ ሰፈር ለመንገድና ለልማት ፈረሰ፤ ከነዋሪውም ብዙው ወደ ከተማው ዳር ሄደ። ቤቶቹ ያረጁና የጠበቡ እንደ ነበሩ አንክድም። ነገር ግን ማኅበሩ፥ ሰንበቴውና ዕድሩ በአንድ ደብር ዙሪያ በብዙ ዘመን የተጋመዱ ናቸው፤ ሲበተኑ ግንበኛ አይጠግናቸውም። ጐብኚው የፈረሰውን ሰገነት አይቶ ያዝናል፤ የሰንበቴው ጽዋ ወዴት እንደ ሄደ ግን አይጠይቅም። በቅኔ ቤት ሰሙን ይዞ ወርቁን የጣለ ተማሪ ቅኔውን ፈታ አይባልም፤ ሕንፃን አይቶ ሰውን የተወም እንዲሁ ነው።

ስለዚህ ካህናት ሆይ፥ ዐውደ ምሕረቱን ለመንገድ መሪ ብቻ አትተዉለት። ንግሥት ዘውዲቱ በ1909፥ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በ1923 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑበትን ቦታ ነገር ልጆቻችሁ ከአንደበታችሁ ይስሙ። የከተማ ሹማምንት ሆይ፥ ጣይቱ ሆቴል በጥር 2007 ዓ.ም. በእሳት ተጐድቶ ሳለ ታድሶ ቆሟል፤ እንግዲህ ያረጀ ሁሉ ለመፍረስ አልተፈረደበትም። ማፍረስ ግድ ቢሆን እንኳ አስቀድማችሁ ሕንፃውን ከነታሪኩ፥ ነዋሪውን ከነማኅበሩ መዝግቡ፤ አንድ ደብር ያሰባሰባቸውንም በአንድ ስፍራ አስፍሩ። ድንጋይ በድንጋይ ይተካል፤ ጎረቤት ግን በገንዘብ አይገዛም።