የጦር መሣሪያ ግዢ ለምክር ቤቱ ይቅረብ

አገርን ወደ ጦርነት የሚያስገባው ውሳኔና ውሳኔውን ተከትሎ የሚፈጸመው የመሣሪያ ግዢ በሕዝብ ተወካዮች ፊት በግልጽ ሊመረመሩ ይገባል። በግንቦት 1990 ዓ.ም. በባድመ የተቀሰቀሰው የኢትዮ-ኤርትራ ጦርነት የድንበር ጉዳይ ተብሎ ቢቀርብም፣ የኤርትራ ገንዘብ ናቅፋ ከታተመ በኋላ የተካረረው የንግድ ውዝግብና የሁለቱ አገሮች ገዢ ፓርቲዎች ፉክክርም አብረውት ነበሩ። የመሣሪያ ኢንዱስትሪው፣ ማለትም መሣሪያ አምርተው የሚሸጡት ድርጅቶች፣ ወገን አልለዩም፤ ኢትዮጵያ ያገኘቻቸው ሱ-27ም ሆኑ ኤርትራ ያገኘቻቸው ሚግ-29 ተዋጊ አውሮፕላኖች የዚያችው የሩሲያ ሥሪት ሲሆኑ፣ የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት የመሣሪያ ማዕቀብ የጣለው ሁለት ዓመት ዘግይቶ፣ በግንቦት 1992 ዓ.ም. ነው።

መሣሪያ የሚገዛው በውጭ ምንዛሪ ነው። በዚያን ዘመን ከወጪ ንግዱ ገቢ ከግማሽ በላይ የሚሆነው የሚገኘው ከቡና ስለነበር፣ በቡና አብቃዮቹ በጎማ፣ በማናና በሊሙ ቀይ እሸቱን እየመረጠ የሚለቅመው፣ በማድረቂያ አልጋ ላይ አስጥቶ ቀኑን ሙሉ ሲያገላብጥ የሚውለው ገበሬ ሳይጠየቅ ከፋይ ሆኗል፤ ልጁንም ወደ ግንባር ልኳል።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 55 የጦርነት አዋጅ የማወጅን ሥልጣን ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሰጥቷል። በመሆኑም ምክር ቤቱ በጦርነቱ ምክንያት ላይ በግልጽ ሳይከራከር አዋጅ ሊያጸድቅ፣ የፌዴራል ዋና ኦዲተር ያልመረመረው የመሣሪያ ውልም ሊጸና አይገባም።