ደንበኛ ነሽ፤ አንገትሽን አትድፊ

እህቴ፣ ባለፈው ረመዳን ማብቂያ ላይ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ገደማ ስልኬ ጮኸ። የደወለችልኝ ጅዳ ውስጥ በሰው ቤት የምትሠራ እህት ናት። ከሦስት ጓደኞቿ ጋር ብር አዋጥተው፣ ማዳሞቻቸውን አስፈቅደው ለዑምራ መካ ደርሰዋል። ክፍሉን ያስያዙት ከወር በፊት ነበር። ሪሴፕሽን ላይ ያለው ሰው ግን «ተሰርዟል» ብሎ ፊቱን አዞረባቸው። ስልኩን ተቀብሎ ምክንያቱን በዐረብኛ ስጠይቀው መልሶ ጠየቀኝ፦ «ከፊላቸው የት አለ?»

ከፊል እዚህ ምን አገባው? ክፍሉን የተከራዩት እነሱ፣ የከፈሉትም ከደመወዛቸው ነው። እዚያ ጠረጴዛ ፊት ሠራተኛ አይደሉም፤ ደንበኛ ናቸው።

በረመዳን የመጨረሻ አሥር ሌሊቶች በሐረም ዙሪያ የክፍል ዋጋ ሰማይ ይነካል። ቀደም ብሎ በርካሽ የተያዘን ክፍል ሰርዞ በውድ ማከራየት ለአንዳንዱ ያዋጣዋል። እንዲህ የሚያደርግ ሰው ደግሞ መጀመሪያ የሚነካው አይከራከርም ብሎ የገመተውን ነው።

የያዙትን ወረቀት ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። «ሐጅዝ መብደኢ» ይላል፤ ጊዜያዊ ማለት ነው። የተረጋገጠው «ሐጅዝ ሙአከድ» ይባላል። ብሩን የተቀበላቸው የአገራችን ልጅ የሆነ ደላላ ይህን አልነገራቸውም፤ ደረሰኝም አልሰጣቸውም።

ከማዳም ጋር የምትግባቢበት ዐረብኛ የቤት ዐረብኛ ነው፤ የውል ዐረብኛ ሌላ ነው። ስለዚህ ከመክፈልሽ በፊት ሦስት ነገር አጣሪ። «ጘይር ቃቢል ሊልኢስቲርዳድ» ካለ ብሩ አይመለስም። «ኢልጋእ መጃኒ» ካለ እስከተጻፈው ቀን ድረስ በነጻ መሰረዝ ትችያለሽ፤ የዕረፍት ቀንሽ በማዳም ቃል ላይ ለተንጠለጠለው ላንቺ የሚሻለው ይኸኛው ነው። «ቀሪብ ሚነል ሐረም» የሚለውን ግን አትመኚው። «ቅርብ» ተብሎ ዓዚዚያ ሊሆን ይችላል፤ ስንት ሜትር ነው ብለሽ ጠይቂ። የዑምራ ፈቃድ ደግሞ ከሆቴሉ የተለየ ነው፤ በኑሱክ መተግበሪያ በነጻ ይወጣል፤ ማንም እንዳይሸጥልሽ።

አራቱ እህቶች ዑምራቸውን አድርገው ሌሊቱን ሐረም ውስጥ አነጉ፤ ጠዋት ደክሟቸው ወደ ጅዳ ተመለሱ። እንክሰስ ስላቸው «ተዪው፣ አላህ ያውቃል» አሉኝ። አዎ፣ ያውቃል። ነገር ግን ሐቅን መጠየቅ ከትዕግሥት አያስወጣም። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ሲሉን አድገናል፤ በዝምታ የተመለሰ ብር ግን እስካሁን አላየሁም።

ሆቴል ክፍልሽን ቢሰርዝብሽ የቱሪዝም ሚኒስቴር ስልክ 930 ነው። ለሌላ የሸማች አቤቱታ የንግድ ሚኒስቴር 1900 አለ። ስትደውዪ ግን ማስረጃ በእጅሽ ይኑር፦ የሆቴሉ ስም፣ የቦታ ማስያዣው ቁጥር፣ የክፍያው ደረሰኝ፣ ከደላላው ጋር የተጻጻፍሽው የዋትስአፕ መልእክት። በእጅ ሰጥተሽ በቃል የተስማማሽበትን ብር ማስመለስ ይከብዳል።

ያ ብር የስንት ሌሊት እንቅልፍሽ እንደሆነ አንቺ ታውቂያለሽ። ለማዳም ቤት ዕቃ ስትገዢ ደረሰኝ ሳትቀበዪ አትወጪም፤ እያንዳንዷን ሪያል ታስረክቢያለሽ። ለራስሽ ገንዘብም እንደዚያው ሁኚለት።