ከጅዳ የተላከ ብር አክሲዮን ሲሆን፦ ግብሩ ይነሳ ወይስ ይቆይ?

ከሸዋ ሮቢት እስከ ከሚሴ ባለው የይፋት ቆላ ዓረብ አገር ዘመድ ያለው ቤተሰብ ብዙ ነው። ከዚያ የሚላከው ገንዘብ ዕዳ ይከፍላል፣ ቆርቆሮ ይገዛል፣ ቤት ያሠራል፣ ባጃጅ ያስገባል። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ደግሞ አክሲዮን መግዛት ጀምሯል። በጥቅምት 2017 የኢትዮ ቴሌኮም 10 በመቶ ድርሻ በቴሌብር ለሽያጭ ቀረበ፤ የአንዱ አክሲዮን ዋጋ 300 ብር፣ ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን ነበር። በጥር 2017 የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ተከፈተ። ወሬው ጅዳና ሪያድም ደርሷል።

ለሙግት የቀረበው ሐሳብ ይህ ነው፦ «በውጭ አገር ሠርተው የሚያድሩ ኢትዮጵያውያን በአገር ቤት ከገዙት አክሲዮን በሚያገኙት ትርፍና የሽያጭ ጥቅም ላይ ግብር ሊጣል አይገባም።» ሐሳቡን የምትደግፈው ጸሐፊ እህቷ ሳዑዲ ናት፤ የሚቃወሙት የነጋዴዎችን ሒሳብ በመሥራት የኖሩ ሰው ናቸው። የግብር መጠኖቹ፣ ሌላ ካልተባለ፣ የተወሰዱት ከ2008ቱ የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ነው። አዋጁ በ2017 ተሻሽሏል፤ ሙግቱ ግን ከመጠኑ ይልቅ በመሠረቱ ላይ ነው።

ይነሳ

ከሒሳቡ ልጀምር። አንድ አክሲዮን ማኅበር 100 ብር አተረፈ እንበል። 30 ብሩ የንግድ ትርፍ ግብር ሆኖ ይሄዳል። የቀረው 70 ብር ለባለድርሻዎች ሲከፋፈል 10 በመቶው፣ ማለትም 7 ብር፣ እንደገና ይቆረጣል። እጅ የሚገባው 63 ብር ነው። ያው አንድ ትርፍ ሁለት ጊዜ ተገበረበት።

ጋሼ «ይህ በሁሉም ላይ የወደቀ ነው» ማለታቸው አይቀርም። ሲወድቅ ግን እኩል አይከብድም። አገር ቤት የሚሠራ ደመወዝተኛ ከ2017ቱ ማሻሻያ ወዲህ ከወር ገቢው የመጀመሪያው 2,000 ብር ግብር አይነካውም። የአክሲዮን ትርፍ እንዲህ ያለ መነሻ የለውም። ሪያድ የሰው ቤት ጠርጋ ባጠራቀመችው 50,000 ብር አክሲዮን የገዛች ልጅ በዓመቱ 5,000 ብር ቢደርሳት 500 ብሩ ይቀነሳል። የዓመቱ ትርፍ ለ12 ወር ሲካፈል በወር 417 ብር ገደማ ነው። ይህ ገቢ ደመወዝ ቢሆን ኖሮ ሳንቲም አይቆረጥበትም ነበር።

በእኛ አካባቢ ደግሞ የሚብስ ነገር አለ። ከይፋት ቆላ ወደ ሳዑዲ ከሚሄዱት ብዙዎቹ ሙስሊሞች ናቸው፤ ወለድ አይበሉም። ገንዘባቸው ትርፍ እንዲያፈራ ከፈለጉ የሚቀራቸው መንገድ ድርሻ መግዛት ነው። በ2013 ከወለድ ነጻ የሆኑት ዘምዘምና ሒጅራ ባንኮች ብቅ ሲሉ ለእነሱ ትልቅ ደስታ ነበር። የ2008ቱ አዋጅ ግን ከባንክ ቁጠባ ወለድ 5 በመቶ፣ ከአክሲዮን ትርፍ 10 በመቶ እንዲወሰድ ደነገገ። ሃይማኖቱ ወለድ የከለከለው ሰው እጥፉን እንዲከፍል ተደረገ።

ሽያጭ ላይ እንምጣ። ያው አዋጅ ሕንፃ ሸጦ ከተገኘ ጥቅም 15 በመቶ፣ አክሲዮን ሸጦ ከተገኘው 30 በመቶ እንዲከፈል ደነገገ። ከዚያ በኋላ «ዓረብ አገር የከረመ ሁሉ ለምን ቤት ብቻ ይሠራል?» ብለን እንገረማለን። ሪያል በባንክ 15 ብር ገደማ ሲመነዘር 100,000 ብር አምጥቶ አክሲዮን የገዛውን ሰው አስቡት። ያመጣው 6,667 ሪያል ገደማ ነበር። በሐምሌ 2016 የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ ሪያሉም ወደ 35 ብር ወጣ። ያን ጊዜ አክሲዮኑን በ150,000 ብር ሸጠ እንበል። «50,000 አተረፍክ» ተብሎ 15,000 ብር ይገብራል። የቀረው 135,000 ብር በሪያል ሲታሰብ 3,857 ነው። ላቡን ባፈሰሰበት ገንዘብ ሲለካ ከ40 በመቶ በላይ አጥቷል፤ መንግሥት ግን ከኪሳራው ላይ የጥቅም ግብር ወስዷል።

በዚህ ላይ ጠቅላላ ጉባኤ ሲጠራ ባለድርሻዋ ጅዳ ናት። ድምፅ አትሰጥም፣ የቦርድ አባላትን አታውቅም፣ የሒሳብ ሪፖርቱን አታይም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የሚባለው ለእሷ ነው። ለአገሯ ያስገባችው የውጭ ምንዛሪ መድኃኒትና ነዳጅ ገዝቷል። ከዚህ በላይ ምን ትገብር?

ይቆይ

እህቴ ሒሳቡን በትክክል ሠርተዋል። የደረሱበት መደምደሚያ ግን ከሒሳቡ አይወጣም።

ግብር የሚከተለው ትርፉ የተገኘበትን ቦታ ነው፤ ባለቤቱ የት እንደሚያድር አይጠይቅም። ይህን ይፋት ከጥንት ታውቀዋለች። ከዘይላ ጠረፍ ሲመላለስ የኖረው ሲራራ ነጋዴ ቤቱ የትም ይሁን የት ዓልዩ አምባ ገበያ ሲደርስ ቀረጥ ይከፍል ነበር፤ ገበያውም ሰላሙም የዚያ አገር ነበርና። ዛሬ አንድ ባንክ የሚያተርፈው በዚህ አገር መንገድ፣ በዚህ አገር ፍርድ ቤት፣ በዚህ አገር ደንበኛ ነው። ጅዳ ያለችው ባለድርሻ የዚህ ሁሉ ተካፋይ ናት።

ከሰው ጋር ስንተያይም ኢትዮጵያ ገር ናት። ኤርትራ በውጭ ከሚኖሩ ዜጎቿ ገቢ 2 በመቶ ትጠይቃለች። አሜሪካ ዜጋዋ የትም ይኑር የትም ገቢውን አስታውቆ እንዲገብር ታስገድዳለች። እኛ ከጅዳ ሠራተኛ ደመወዝ ላይ ቆርጠን አናውቅም፤ የምንነካው እዚህ የፈራውን ብቻ ነው። ሕንድ በውጭ የሚኖሩ ልጆቿ በውጭ ምንዛሪ አምጥተው ለሚያስቀምጡት ቁጠባ ወለድ ግብሩን ትተዋለች፤ የአክሲዮን ትርፋቸውን ግን ታስገብራለች።

አሁን ሁለት ወንድማማቾችን አስቡ። አንዱ ሮቢ ወንዝ ዳር በመስኖ ሽንኩርት እያለማ ቀረ፤ ሌላው በአፋር በረሃ አድርጎ፣ በጅቡቲና በየመን ተሻግሮ ሳዑዲ ገባ። በአንድ ቀን፣ ከአንድ ማኅበር፣ እኩል አክሲዮን ገዙ። የእህቴ ሐሳብ ቢጸድቅ ሽንኩርት ያለማው ይገብራል፤ የሄደው አይገብርም። የዋጋ መዋዠቁን፣ የማዳበሪያውን ውድነት፣ የደላላውን ቅሚያ ችሎ አገር ውስጥ ለቆየው «ለምን አልሄድክም?» እንደማለት ነው። እዚህ ቆላ ልጆቻችን በባሕር እንዳይሄዱ ስንማጸን የግብር ሕጉ ለሂያጁ እንዲያዳላ ልንጠይቅ ነው?

ነጻነቱ ማን ዘንድ እንደሚደርስም እንጠይቅ። የሚጠቀመው በውጭ መኖሩን በወረቀት የሚያስረዳ ነው። ኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ) የሌላት፣ ከአሠሪዋ ጠፍታ የምትኖር፣ ገንዘቧን በሰው እጅ የምትልክ ልጅ ምን ታቀርባለች? በ2006 ሳዑዲ ከ150,000 በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ አብዛኞቹ ወረቀት አልነበራቸውም። ወረቀት የሚሟላለት አዲስ አበባ ያለው ባለሀብት ነው፤ አክሲዮኑን በውጭ ባለች የአጎት ልጅ ስም አዙሮ ያርፋል። ሒሳብ ስሠራ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ቀዳዳ ሲከፈት ቀድሞ የሚሾልከው ወፍራሙ መሆኑን አይቻለሁ።

ስለ ሪያሉ ያሉት የሚያሳዝን ነው፤ ግን ሙሉ ሥዕሉ አይደለም። በባንክ 15 ብር በሚመነዘርበት ጊዜ ከባንክ ውጭ ያለው ሐዋላ እጥፍ ገደማ ይሰጥ ነበር፤ ብዙው ሰው የላከውም በዚያ ነው። ለእሱ ኪሳራው እርስዎ ከጻፉት በጣም ያንሳል። የብር መውደቅም ላኪን ብቻ አልመታም፤ ሸዋ ሮቢት ዘይት የሚገዛውንም መትቷል። ለገንዘብ መርከስ መድኃኒቱ የግብር ነጻነት አይደለም።

ሦስት ነገር ደግሞ እህቴ ዘለዋል። ማኅበሩ ትርፉን ሳያከፋፍል መልሶ ለሥራ ካዋለው ያ 10 በመቶ አይከፈልበትም፤ ለነገ የምታስብ ባለድርሻ በር አላት። ሲከፈልም ቀንሶ የሚያስገባው ማኅበሩ ራሱ ነው፤ ሠራተኛዋ ገቢዎች ቢሮ ደጅ አትጠናም። ገንዘቡም የፌዴራሉ ብቻ አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 98 የድርጅቶችን የንግድ ትርፍ ግብርና የባለአክሲዮኖችን የትርፍ ድርሻ ግብር ለፌዴራልና ለክልሎች የጋራ አድርጎታል። በ2013 አጣዬ ስትቃጠል፣ ሸዋ ሮቢትም ስትጎዳ አይተናል። የፈረሰውን ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ በምን እንሥራው?

የደጋፊዋ ምላሽ

ጋሼ በሽንኩርት ገበሬው ያቀረቡት ሙግት ልብ ይነካል፤ ሁለቱ ወንድማማቾች ግን አንድ ዓይነት ገንዘብ አላመጡም። አንዱ ብር አዋለ፤ ሌላው አገሪቱ የምትራበውን ሪያል አመጣ። አገር ለላኪ ነጋዴ ማበረታቻ ስትሰጥ «በውስጥ ነጋዴ ላይ አዳላሽ» የሚል የለም። ጉልበቱን ውጭ የሸጠውም ላኪ ነው።

ስለ ቀዳዳው፦ ነጻነቱ ለሰው ስም ሳይሆን ለገንዘቡ ይሰጥ። በባንክ በውጭ ምንዛሪ ገብቶ፣ በዚያው ሒሳብ አክሲዮን ለተገዛበት ብቻ ይሁን። የአጎት ልጅ ስም ያን ጊዜ አይረባም፤ ሐዋላ የለመደውም ወደ ባንክ የሚመጣበት ምክንያት ያገኛል። ወረቀት የሌላት ልጅ እንደምትቀር አልክድም፤ እሷን ሁሉም ሕግ ይዘላታል፤ ለሌሎቹ እንዳይሰጥ ግን ምክንያት አይሆንም።

የእምነት ጉዳይም አለ። በ2009 አካባቢ የውጭ ፓስፖርት የያዙ ትውልደ ኢትዮጵያውያን የባንክና የኢንሹራንስ አክሲዮናቸውን እንዲለቁ ተገደዱ፤ የባንኩ በር የተከፈተላቸው በ2011 በወጣው አዋጅ ቁጥር 1159 ነው። የሳዑዲ ሠራተኞች ዜግነታቸው ኢትዮጵያዊ ስለሆነ ያ አልነካቸውም፤ ወሬው ግን ነካቸው። «ዛሬ ግዛ፣ ነገ ልቀቅ» ሲባል የሰማ ሰው ገንዘቡን ድንጋይና ሲሚንቶ ላይ ያውላል። እምነቱን ለመመለስ መንግሥት የሚያጣው ትንሽ ነው።

የተቃዋሚው ምላሽ

የኤክስፖርቱ ንጽጽር ጥሩ ነበር፤ አንድ ነገር ግን ይጎድለዋል። ሪያሉ የገባው ባንክ ሲመነዝረው ነው፤ ለዚያ የሚከፈል ማበረታቻ ካለ በምንዛሪው ዕለት ይከፈል። ብሩ አክሲዮን ከሆነ በኋላ ከገበሬው ብር የሚለየው ምልክት የለውም። ከዓሥር ዓመት በኋላ ባለድርሻዋ ሸዋ ሮቢት ተመልሳ ሱቅ ከፍታ እየኖረች ትርፏ ከጎረቤቷ ተለይቶ ነጻ ሊሆን ነው? የገንዘቡን የትውልድ ሐረግ እየቆጠረ የሚኖር የግብር ቢሮ እኛ ዘንድ የለም።

እህቴ መጀመሪያ ላይ ካነሷቸው ቅሬታዎች ሦስቱ ግን ይገዙኛል። ደመወዝ መነሻ ካለው ትንሽ የአክሲዮን ትርፍም መነሻ ይኑረው። ወለድ ለማይበላ ሰው ድርሻው የቁጠባ ያህል ይታይለት። የሽያጭ ጥቅምም የብር መርከስ ታስቦ ይሰላ፤ አክሲዮን ከሕንፃ በላይ አይገበር። ሦስቱም ቢፈጸሙ የሪያዷ ልጅ ያለችበት ሸክም ይነሳል፤ መብቱን ለማግኘት ግን ዓረብ አገር መሄዷን አታስረዳም፣ ኢቃማም አታሳይም፤ የድርሻዋ ትንሽነት ይበቃታል።

እንግዲህ የቀረን ልዩነት ይህ ነው። እህቴ ምሕረቱ ገንዘቡ በመጣበት መንገድ ይለካ ይላሉ፤ እኔ በባለድርሻው አቅም ይለካ እላለሁ። በእኔ መለኪያ ወረቀት የሌላትም ትገባለች፣ ሮቢ ዳር የቀረውም ይገባል፤ የሚቀረው በሰው ስም ሊያመልጥ የነበረው ባለሀብት ብቻ ነው። ግብር የሚገባውም እሱ ነው።