ያገኘነውን አላነበብነውም



በዶርማችን በአንድ ላፕቶፕ ዙሪያ አራት አምስት ሆነን የምናመሽባቸው ሌሊቶች አሉ። ሰሞኑን የያዘን «አሳሲንስ ክሪድ ሚራዥ» የተባለው ጌም ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ ሲሆን ታሪኩ የሚካሄደው በዘጠነኛው ክፍለ ዘመን፣ በዐባሲዮች ዘመን ባግዳድ ውስጥ ነው። ከፍልሚያው ይልቅ የሚያስመሸን ተደብቆ የተቀመጠው ነገር ነው፤ የተቆለፈ ሳጥን፣ የቀደሙትን ክፍሎች የሚያስታውስ ምልክት፣ ትርጉም ያዘለ ስም።

በስም በኩል እንኳ ከሌላው ተጫዋች ሳንቀድም አንቀርም። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው የመጀመሪያው ክፍል ዋና ገጸ ባሕርይ አልጣኢር ኢብን ላ አሐድ ይባላል። ሌላው ትርጉሙን ኢንተርኔት ላይ ሲፈልግ፣ መድረሳ የቀራ ልጅ «አሐድ»ን ከሱረቱል ኢኽላስ ያውቀዋል። «በራሪው፣ የማንም ልጅ» እንደማለት ነው።

ጌም ጊዜ ማባከን ነው የሚሉን ወንድሞች አሉ። ሱብሒ ያመለጠን ሌሊት ስለነበረ አፍ ሞልተን አንከራከራቸውም። እውነት የሚባል ነገር የለም፣ ሁሉም የተፈቀደ ነው የሚለውን የገጸ ባሕርያቱን መርሕም እዚያው ጌሙ ውስጥ ትተነው እንነሳለን። ፍለጋው ራሱ ግን ጥፋት አይመስለንም። እኛን ያሳፈረን ሌላ ነው።

ሚራዥ ውስጥ በከተማዋ ታሪካዊ ቦታዎች ላይ ስንደርስ አጭር ጽሑፍ ይከፈታል፤ ስለ ንግዷ፣ ስለ አስተዳደሯ፣ ስለ ሕዝቧ እምነትና የዕለት ኑሮ፣ ስለ ሳይንሷ። በይቱል ሒክማም አለ። እኛ ምን አደረግን? ከፈትን፣ ቆጠርን፣ ዘጋን። ቁጥሩ እንዲሞላ ብቻ ባግዳድን ከጣራ ጣራ ዘለልናት። ይህ ጠባይ ከጌም ውጭም እንደሚከተለን መደበቅ አንችልም። በረመዳን ስንት ጁዝ እንደደረስን እንጠያየቃለን፤ የትኛው አያ እንዳስቆመን የሚጠይቀን ግን ጥቂት ነው።

ጌም ውስጥ ሚስጥር የመደበቅ ልማድ ሲነሳ የዋረን ሮቢኔት ስም አብሮ ይነሳል። አታሪ የጌም ሠሪዎቹን ስም ስለማያወጣ፣ ሮቢኔት «አድቬንቸር» በተባለው ጌሙ ውስጥ በስውር ክፍል ስሙን ጽፎ ደበቀ። ፈልጎ ያገኘው ተጫዋች ማን እንደሠራው አወቀ።

ባለፈው ከዒሻ በኋላ ቁጥሩን ትተን ጽሑፎቹን አንድ በአንድ ማንበብ ጀመርን። በይቱል ሒክማ ላይ ስንደርስ ወሬው ወደ አል ኸዋሪዝሚ ሄደ። ጌሙ ከሚያሳየው ዘመን ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በኸሊፋ መእሙን ጊዜ እዚያ የሠራ ሊቅ ነው። «አልጀብራ» የሚለው ቃል የመጣው ከመጽሐፉ ርዕስ ነው፤ «አልጎሪዝም» ደግሞ ስሙ ራሱ ነው፣ በላቲን አፍ ተለውጦ።

ከመካከላችን ሦስተኛ ዓመት ኮምፒውተር ሳይንስ የሚማረው ልጅ ማውዙን አስቀመጠ። «ሱብሓነላህ! ሦስት ዓመት ሙሉ በየፈተናው ስሙን ስጽፍ ነበር?» አለ።

ላፕቶፑ ባትሪ እስኪጨርስ ድረስ አነበብን። የቀሩትን ሳጥኖች እስካሁን አልከፈትናቸውም።